የእማዬ መቀነት

መስከረም 18፣ ከጠዋቱ 1፡30
ዛሬም አጥብቃ አሰረችኝ። ስድስት ዙር። እማዬ ከአምባ ጊዮርጊስ ልታርሰኝ ከመጣች ጀምሮ ቀኑ የሚጀምረው በመቀነት ነው። ሆድሽ ይመለሳል ትላለች። አልተመለሰም። ከአልጋ ስነሳ መሃሉ ሾጠጥ ብሎ ይወጣል።

አስነጠሰኝ። የውስጥ ልብሴ ራሰ። ደብተሬ፣ ላንቺ ካልነገርሁ ለማን ልንገር? የልጄን ጨርቅ ለራሴ እያጠፍሁ ነው።

መስከረም 20፣ 10፡00 ሰዓት
ጥቅምት 5 ልጄ ሰማንያ ቀኗ። ክርስትና። እኔም ከወለድሁ መጀመሪያ ቤ/ክ የምገባው ያን ቀን ነው። ታቅፌያት፣ ቆሜ፣ ያን ሁሉ ሰዓት። እዚያ ውስጥ ቢያመልጠኝስ? እፈራለሁ። በጣም።

ባሌን ደሴን፣ እማዬ ይዛት ትግባ አልሁት። እናቷ እያለሽ? ብሎ ሳቀ። ጮህሁበት። ምን አጠፋ? ምንም።

እማዬም እምቢ። እሷ እንደሁ ድሮም ውስጥ ገብታ አታውቅም፤ ከቅጥሩ ሥር ቆማ ነው የምታስቀድስ። ትሕትናዋ ነው እንላለን።

መስከረም 24፣ ማታ
ሆ/ል ሄድሁ። ለእማዬ የልጅቷ ክትባት ነው ብዬ ዋሸሁ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አስተኝታ ራስሽን ቀና አድርጊ አለችኝ፤ እምብርቴ ላይ ጣቷን ሰደደች። ሦስት ጣት ገባ። የሆድ ጡንቻዬ ግራና ቀኝ ተለያይቷል። ሽንት የሚይዘው የታችኛው ጡንቻም ደክሟል። መቀነቱን አየችና ፊቷ ተለወጠ፤ ሆድ እንዲህ ሲታነቅ ጫናው ወደ ታች ነው አለች።

ለክርስትናው ይደርስልኛል? ወራት ይፈልጋል አለች። አለቀስሁ። ግን ይሻላል አለች፣ እንዲህ የሚያማት ብዙ ሴት አለች አለችኝ።

የሰጠችኝ እንቅስቃሴ፦ አየር እያስወጡ፣ ሽንት እንደሚይዝ ሰው ወደ ላይ መሳብ፣ መልቀቅ። ስነሳ በጎን ዞሬ።

መስከረም 28
ሆ/ል ሆዴን በጣት ለክተው ከልክለውኛል፣ መቀነቱን አልታሰርም አልሁ። ቤቱ ተገለበጠ። እማዬ የሰፈሩን አራስ ሁሉ ያሰረች ሴት ናት፤ ሰባት ስትወልድ ማንም ጣት እንዳልሰደደባት ነገረችኝ። ከዚያ ኩርፊያ። ልብሷን መሰብሰብ ጀምራለች። ምነው አፌን በቆረጠው! ግን መልሼ አልታሰርም።

ጥቅምት 2፣ 4፡00 ሰዓት
ተኝቼ እንቅስቃሴውን ስሠራ እማዬ ገባች። ምን የሚሉት ነው? አለች። ሰለቸኝ መደበቅ። ሽንት ያመልጠኛል አልኋት፣ እንዲሁ፣ ፊት ለፊት።

በሩን ዘጋች። አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ለኔም አሳዪኝ» አለች።

አልገባኝም። መሬት መሬት እያየች ነገረችኝ። እሷንም የሚያመልጣት እኔን ከወለደች ወዲህ ነው። በእግዜር ቤት እንዳላፍር ብዬ ነው ከቅጥሩ ሥር የምቆም አለች። ሠላሳ ዓመት! እኛ ትሕትና እንላለን። አቅፌያት አለቀስሁ። እሷ አላለቀሰችም፤ አሳዪኝ እንጂ አለች።

ጥቅምት 4፣ 11፡00 ሰዓት
የንስሐ አባቴን በስልክ ጠየቅሁ። ሕመም ነው ልጄ፣ ጨርቅሽን አድርገሽ ግቢ አሉ። እናቴስ? እሷም ትግባ አሉ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሠላሳ ዓመት ሳትጠይቀው የኖረችው።

ስነግራት ተቆጣች፤ ለቄስ እንዴት ይነገራል! ቀጥላ ነጠላዋን አጠበች። ይድረቅ አይድረቅ እየወጣች ትዳስሰዋለች።

ቆርጫለሁ። ነገ አብረን እንገባለን፣ ሁለታችንም ጨርቅ አድርገን። በሳምንቱ ሆ/ል ለሷም ካርድ አወጣለሁ።

ልጅቷ ነቃች። ልነሳ። በጎኔ ዞሬ።