ይሄ ኔጌቲቭ ያ ኔጌቲቭ አይደለም

ለእናቴ ልጅ፣ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ያ የወገብህ ቁርጥማት ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጣውላ ባነሳህ ቁጥር ታቃስታለህ? እማዬ ጉልበቷ እንዴት ነው? ባለቤትህስ? ልጃችሁ የፊት ጥርሶቿን አውልቃ ጨረሰች? እኔ ከናንተ ናፍቆትና ከገዛ ራሴ ችኮላ በቀር ደህና ነኝ።

ሰላምታዬን አልጨረስኩም፤ ግን አንድ ነገር ካላስቀደምኩ እጄ አርፎ አይጽፍም። ክኒንህን አቁመህ እንደሆነ አሁኑኑ ተነስተህ ጤና ጣቢያ ሂድ። ስንት ቀን እንዳለፈህ ሳትደብቅ ንገራቸውና እነሱ እንዳሉህ ጀምር። ካላቆምክ እሰየው፤ ቁጭ ብለህ የእህትህን ጅልነት አንብብ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልንገርህ። ከሆስፒታሉ አንሶላ መሃል አንዳንዴ የተረሳ መርፌ ይወጣል። ስለዚህ ልብስ ማጠቢያ የምንሠራ ሁሉ የጉበት ቫይረስ ክትባት እንድንከተብ ታዘዘ። በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተወጋሁ፤ ከዚያ ክትባቱ ይዞልኝ እንደሆነ ለማየት ደም ሰጠሁ። ካለፈው ሐሙስ በፊት በነበረው ሐሙስ አለቃችን ውጤቱን ይዛልኝ መጣች። እሷን ከፊቷ በፊት ድምጿ ስለሚደርስ ደወል ነው የምንላት። ወረቀቱ ላይ «ፀረ እንግዳ አካል» የሚል ተጽፏል፤ ከጎኑ ደግሞ «ኔጌቲቭ»። እኔ ያየሁት የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው።

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያቺን ቃል ስመኝ እንደኖርኩ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ካውያውን አንሶላው ላይ ትቼው ወጣሁ፤ ጠርዙ ተቃጠለ፤ ደወልም ጮኸች። እኔ ግን ልብስ ከምናሰጣበት ጓሮ ቆሜ ላንተ እየደወልኩ ነበር። ያልኩህን ታስታውሰዋለህ። ኔጌቲቭ ሆንኩ፣ ክኒኑ ኤችአይቪውን ከደሜ አጥቦ አወጣልኝ፣ ያንተም ቀን ቅርብ ነው አልኩህ። አንተም ስቀህ፣ እንግዲያውስ ይሄን ክኒን ከነብልቃጡ ልሰናበተው ነው አልከኝ። እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው።

ከማግስቱ ጀምሮ ሚስኮልህ ቀረ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ክኒንህን ስትውጥ ሚስኮል ታደርግልኛለህ፣ እኔም ስውጥ መልሼ አደርግልሃለሁ፤ ማናችንም አናነሳም፣ ሁለታችንም ግን እናውቃለን። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ካልደወልክ አሥራ አንድ ቀን ሆነህ። ስደውልልህ ስልክህ ዝግ ነው። እንደ ልማድህ ሙጫ ጣሳ ውስጥ ጥለሃት ይሆናል እላለሁ። እንዲያ ከሆነ በቤታችሁ ያለችው አንዲቷ ስልክ እሷ ናትና በሌላ ላገኛችሁ አልችልም። ግን ደግሞ የተሰናበትከው ክኒኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ይሆናል እላለሁ። የማድረቂያው ማሽን ጨርሶ በጮኸ ቁጥር ኪሴን እዳብሳለሁ። ትናንት አንድ የትራስ ልብስ ሦስት ጊዜ ተኩሼ ሦስት ጊዜ ፈታሁት።

ስህተቴን ያወቅሁት በአምስተኛው ቀን ነው። ወረቀቷን ተኩሼ፣ አዎ ወረቀቷን፣ ክትባት ክፍል ላለችው ሲስተር ላሳያትና ልኮራባት ሄድኩ። አነበበችው፤ አልሳቀችም። ወንበር ሳበችልኝና፣

«እህቴ፣ ይሄ ኔጌቲቭ ያ ኔጌቲቭ አይደለም» አለችኝ።

እንዳስረዳችኝ ከሆነ ክትባት ለሰውነት ትምህርት ነው። ትምህርቱ ከገባው በደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል፤ በሽታው ሲመጣ አውቆ የሚይዘው እሱ ነው። የኔ ኔጌቲቭ ማለት ትምህርቱ አልገባኝም ማለት ነው። ከኤችአይቪው ጋር ምንም አያገናኘውም። እኔ ግትሯ፣ ታዲያ የኤችአይቪውስ ብዬ ጠየቅሁ። እሱንም ሲመረምሩ የሚፈልጉት የራሱን ፀረ እንግዳ አካል ነው፣ ያንቺ ደግሞ የተትረፈረፈ ነው፣ ምርመራው ምንጊዜም ፖዘቲቭ ይልሻል አለችኝ። የተትረፈረፈ ከሆነ ለምን አያስወጣውም? ቫይረሱ ልብሱን ይቀያይራላ! ጠባቂዎቹ ሸሚዙን አጥንተው ሲጨርሱ እሱ ሌላ ለብሷል። ልብስ አጣቢ ነኝና ይሄ ቶሎ ገባኝ።

ትምህርቱ ለምን አልገባኝም ስላትም አልሰለቸችም። ቫይረሱ ያለ መድኃኒት ዓመታት ሲቀመጥ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩት ሕዋሳት ዕረፍት ያጣሉ። ብዙ ይሠራሉ፣ ግን ያላነጣጠረ ነው፤ የተማሩትን ማስታወስ ያለባቸውም ይደክማሉ። ሌሊቱን ለነፋስ ሲጮህ ያደረ ውሻ ሌባው ሲመጣ ያንቀላፋ የለ? እንደዚያ ነው። መድኃኒቱ ያሳርፋቸዋል፤ ዘግይቶ የጀመረ ሰው ግን ሁሉም አይመለሱለትም። ቃሉ ራሱ አሳቀኝ እኮ፤ ፀረ እንግዳ! እንግዳ ከደጅ መልሳ የማታውቀው እማዬ ብትሰማ ምን ትል ነበር? እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ትል የለ። የኔ እንግዳ ግን ሰንብቶ ባለቤት ሆኗል።

ከዚያ ሲስተር መቼ እንዳወቅሁና መቼ መድኃኒት እንደጀመርኩ ጠየቀችኝ። እንደ ልማዴ፣ እንዳወቅሁ ወዲያው ጀመርኩ ልላት አፌን ከፈትኩ። ላንተም ለእማዬም ያልኩት እንደዚያው ነበር። ውሸት ነው ወንድሜ። አሥራ አራት ዓመት መድኃኒት የወሰድኩበት ነው፤ ካወቅሁ አሥራ ስምንት ሆኖኛል። አራት ዓመት ወረቀቷን ፍራሽ ሥር አድርጌ ተኛሁባት። ክኒኑ ቤት ከገባ በሽታውም ቤት የሚገባ መሰለኝ። አልጋ ላይ ስወድቅ ነው የጀመርኩት።

አንተ ስትታመም በዚያው ሳምንት እየጎተትኩ ያስመረመርኩህ ለዚህ ነው። ያኔ ምን ታጣድፊኛለሽ ብለህ ሁለት ቀን ኩርፊያ ይዘህ ነበር። ያጣደፍኩህ እኔ ስለዘገየሁ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ነው። ያንተ ጠባቂዎች ገና አልደከሙም፤ አንተ ክኒኑን ካቆምክ ግን ቫይረሱ ይነሳል፣ እነሱም እንደኔዎቹ ለነፋስ መጮህ ይጀምራሉ። አሁን ደግሞ አንተን ወደዚያ የገፋሁህ እኔው ከሆንኩ፣ በዚህች ምላሴ፣ ምን ይውጠኛል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም መሆኑን እንኳ አላውቅም።

ለኔ አታስብ። ዓርብ ዕለት ክትባቱን በእጥፍ እንደ አዲስ ጀመሩልኝ። ሲስተር በዚህ ዙር ብዙ ሰው ይይዝለታል፣ የማይዝለትም አለ ብላኛለች፤ ስለማትሸነግል እወዳታለሁ። እስከዚያው ወፍራም ጓንት ሰጥተውኝ ከአንሶላ ለቀማው አውጥተው ካውያው ላይ ብቻ አድርገውኛል። ክንዴ ግን አብጦ ካውያው ከብዶኛል።

ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ትናንት ምሳ ሰዓት አልቆብኝ እዚህ ላይ አቁሜ ነበር። እስካሁን ወደናንተ የሚሄድ ሰው አጥቼ ነበር፤ የደወል ባል ግን የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሁለት ሰዓት ሲሆን ወደናንተ በኩል ይነሳል፤ ደብዳቤውን በእጅህ እንዲያደርስ አስምዬዋለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ አራቱን ዓመት ግን እኔው ራሴ እነግራታለሁ፣ አንተ ዝም በል። ለባለቤትህ ሰላምታዬ ከሁሉ ይብለጥ፤ ከኛ ሁለታችን ይልቅ ልብ ያላት እሷ ናትና ደብዳቤውን እሷም ታንብበው፣ ብልቃጡንም ገልብጣ ትቁጠረው። ለጥርሰ ወላቃዋ ልጄ ከማሽን ሥር የለቀምኳቸውን ባለቤት ያጡ የሸሚዝ ቁልፎች በጨርቅ ቋጥሬ ልኬላታለሁ፤ እንዳትውጣቸው።

አንተ ደብዳቤ እንድትጽፍልኝ አልጠይቅህም፣ ስንፍናህን አውቃለሁ። ስልኳ ሙጫ ውስጥ ከገባች ከጎረቤት ተበደር። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ክኒንህን ውጥና አንዴ ደውለህ ዝጋው። አላነሳውም።

እህትህ

ከልብስ ማጠቢያው፣ ከሁለተኛው ካውያ አጠገብ
ማክሰኞ፣ ወር በገባ በአሥራ ሦስት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ። ስልኬ እስካሁን አልጠራም።