ስለ ጫኖ ዘመናዊ ክበብና ስለ አገርነሽ ምሳ

ለተከበሩ ጓድ ባዘዘው
የመዝናኛ ክበባችን አስተዳደር ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ጫኖ፣ ኅዳር 1977 ዓ.ም.

በዚህ የቆላ ሙቀትና የስብሰባ ብዛት መካከል ጤናዎ እንደምን እንደ ሰነበተ ከልብ በመነጨ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ከወባዬ በቀር ደኅና ነኝ። ባለፈው ስብሰባ «ሂስ ያላችሁ በጽሑፍ አቅርቡ» ብለው በደግነት ስለ ጋበዙን፣ ጡረታ የወጣ መምህርም ከመጻፍ ሌላ ሥራ ስለሌለው፣ ይህን ጽፌ ሁሉም እንዲያነበው በክበቡ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

በቅድሚያ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ብለው የአገርነሽን መጠጥ ቤት ዘመናዊ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። ለእንግዳ አንባቢ ለመንገር ያህል፣ አገርነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ በማንጎ ጥላ ሥር ቦርዴ የተባለውን ወፍራም የእህል መጠጥ እየጠመቀች፣ የዓባያ ሐይቅን ዓሣ እየጠበሰች አንድ ልጇን ዳናን ያሳደገች ሴት ናት። እርስዎ ቤቱን ወርሰው፣ ወለሉን ሲሚንቶ አልብሰው፣ ግድግዳውን ቀይ ቀብተው፣ እሷን በወጥ ቤት ሠራተኛነት ቀጠሯት። ሰው ከገዛ ቤቱ ሳይወጣ የሰው ቤት ተቀጣሪ ሲሆን ያየሁት ያኔ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከወዳጄ ከአቶ ደበሌ ጋር ለምሳ መጥተን ነበር። የገጠመንን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ምግቡን በተመለከተ፤ በግድግዳው ላይ ስቴክ፣ ስፓጌቲና የዓሣ ጉላሽ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተጽፈዋል። ነጭ ኮት የለበሰው አስተናጋጅ ሁሉንም በየተራ «የለም» አለን። ሐይቁ እዚሁ አጠገባችን ሆኖ ዓሣው እንዴት ጠፋ ብዬ ብጠይቀው፣ «ዓሣው ለከተማ ነው፤ ለኛ አልተመደበም» አለኝ። ያለው ቢራ ብቻ እንደ ሆነ፣ እሱም እንዳልቀዘቀዘ፣ ፍሪጁም መብራት እስኪገባ ድረስ የኮሚቴው ማኅተም ማስቀመጫ እንደ ሆነ በትሕትና ገለጸልኝ። ማኅተሙ ቀዝቃዛ ቦታ በማግኘቱ ደስ ብሎኛል።

ሁለተኛ፣ መቀመጫውን በተመለከተ፤ አቶ ደበሌ በተዘጋው የወንጌል አማኞች ጸሎት ቤት ሽማግሌ ነበሩ። አግዳሚው ወንበር ላይ ጥቂት ቆይተው ጠርዙን በእጃቸው ደጋግመው ዳሰሱ። ምን እንደ ሆኑ ስጠይቃቸው፣ «ይሄ የኛ ነው። በሴቶች በኩል ነበር። ባለቤቴ እዚህ ጋ ነበር የምትቀመጠው» አሉኝ። ባለቤታቸው አርፈዋል። ጸሎት ቤቱ ሲታሸግ ወንበሮቹ ምስጥ እንዳይበላቸው ስላሰቡ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ወዲያው አስተናጋጁ ተመልሶ ቢራ ያላዘዘ ሰው መቀመጥ እንደማይችል ነገረን። አቶ ደበሌ በዕድሜያቸው መጠጥ ቀምሰው አያውቁም። ተነሥተው ቆሙ፤ እኔም ቆምኩ።

ሦስተኛው ላይ ስደርስ ምስጋናው ያልቅብኛል። አገርነሽ ከወጥ ቤቱ በር ሆና አይታን ኖሮ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንችና ከሽፈራው ዛፍ ቅጠል የተሠራ ጎመን በሳህን ይዛ መጣች። «መምህር፣ ርቧችሁ አትሂዱ። የራሴ ምሳ ነው፤ የክበቡ አይደለም» አለችን። ቆመን በላን። አቶ ደበሌ ስለ ዳና ሲጠይቋት፣ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ወሬውን እንዳልሰማች ነገረችን። «ቢመጣ የሚያውቀው ይሄን ቤት ነው። ድስት እያጠብኩም ቢሆን የቀረሁት ለዚህ ነው» አለች።

እርስዎ የገቡት ይኼኔ ነው። ሳህኑን አይተው፣ «እዚህ የግል ንግድ ቀርቷል» አሉ። አልሸጠችልንም ብዬ ባስረዳዎ፣ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ምግብ ማደል የባሰ ጥፋት እንደ ሆነ አስተማሩኝ። በዚያው ዕለት ከሥራም ከምታድርበት ጓዳም እንድትወጣ ተወሰነባት። ሳህኗን አጥባ ልብሷን ቋጠረችና እህቷ ወዳለችበት ወደ ካምባ በጭነት መኪና ሄደች። ስትሳፈር፣ «ልጄ ቢመጣ ካምባ ናት በሉልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። አንድ ሳህን ድንች ስለ በላን ቤት አልባ አደረግናት፤ አቶ ደበሌም ከዚያ ወዲህ ከደጃቸው አልወጡም።

እኔ ግን ይኸው በየቀኑ መጥቼ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። የማልወደውን ሞቃት ቢራ አዝዤ መንገዱን አያለሁ። ከእኔ የበለጠ ታማኝ ደንበኛ የለዎትም።

አገርነሽ ወደ ቤቷ እንድትመለስ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። እንደማትመለስ አውቃለሁ፤ የጻፍኩት ማንም አልለመነም እንዳይባል ነው።

ለዘመናዊነት በቆሙበት ጽናት ለሌሎች መንደሮችም እንዲተርፉ እየተመኘሁ፣
በክበብዎ ተቀምጬም ቆሜም የጠገብኩት፣
ሽበሺ አስናቀ፣ ጡረተኛ መምህር

ማስታወሻ፦ ጸሐፊውን ለማወቅ ሰው ሰብስበው እንዳይደክሙ ስሜን በግልጽ አስፍሬያለሁ፤ ለመውሰድ ሲመጡም የቤቴ በር ስለማይቆለፍ መስበር አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ግን ለዳና እናቱ የት እንዳለች የመንገሩ ኃላፊነት የኮሚቴው ስለሚሆን፣ እባክዎ በቃለ ጉባኤ ያስይዙልኝ።