የወታደር ልብስ ለለበሰው ኤባ

ቃሊቲ፣
መስከረም 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአንድ ልጄ ለኤባ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ደህና ስላልሆንኩ ግን አልጽፈውም። ጤናስ አለኝ፣ እግሬም ተሽሎታል። ያመመኝ ሌላ ነው፣ እሱን ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት።

ለምን በወረቀት ጻፍሽ ትለኝ ይሆናል። በዊቻት ቪዲዮ ስትደውል አባትህ ወይም ሚስቱ ከጀርባህ አይጠፉም። አማርኛ ባይሰሙም ፊቴን ያያሉ፣ ፊቴ ደግሞ ምንም መደበቅ እንደማይችል ታውቀዋለህ። በዚያ ቤት አማርኛ ማንበብ የሚችል ካንተ በቀር የለም። አንተም ካልረሳኸው ማለቴ ነው።

በጳጉሜ የላክህልኝን ፎቶ አስታውስ። ፀጉርህን ከሥሩ ተቆርጠሃል፣ ዝንጉርጉር የወታደር ልብስ ለብሰህ፣ ቀበቶህን አጥብቀህ፣ እጅህን ከጭንህ ጋር አጣብቀህ ቆመሃል። ከሥሩ «እማ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ» ብለሃል፣ በቃ። ሰው እንዲህ ያለ ፎቶ ለእናቱ ሲልክ አንድ ሁለት መስመር ቢጨምር ምን ይሆናል? ስደውል ስልክህ አይነሳም። በማግስቱም አይነሳም።

ፎቶው ሲደርሰኝ ኪዮስኬ ውስጥ ነበርኩ። ያው ሥራዬ አልተለወጠም፤ እስረኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ስልኩን ይዞ መግባት ስለማይፈቀድለት እኔ ጋ ያስቀምጣል፣ ቁጥር ይወስዳል፣ ሲወጣ ቁጥሩን መልሶ ስልኩን ይቀበላል። ስንት ዓመት ስሠራ ተሳስቼ አላውቅም። የዚያን ቀን የአንዱን ስልክ ለሌላው ሰጥቼ በር ላይ ተሰደብኩ። የስድቡ ነገር አልተሰማኝም፣ ዓይኔ ፎቶህ ላይ ነበር።

የአጎትህ የመገርሳ ፎቶ ግድግዳችን ላይ እንዴት እንደቆመ ታውቃለህ። ልክ እንዳንተ ነው፤ አንገቱም፣ እጁም፣ የተላጨ ራሱም። በደርግ ጊዜ ከአቃቂ ገበያ ሲመለስ ለብሔራዊ ውትድርና ብለው ሲወስዱት እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ከማሠልጠኛው ያንን ፎቶ ላከ፣ ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም፤ ደብዳቤም፣ መርዶም። አያትህ እስክትሞት ድረስ ተዝካሩን አላወጣችም። «ሞተ ያለኝ የለም፣ ምን ብዬ ነው የማበላው?» ትል ነበር።

በ2014 ክተት ሲባል አንተ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርክ፣ ቁመትህ ግን የሃያ ነበር። መንገድ ላይ ወጣት ሲሰበሰብ ባየሁ ቁጥር ሮጬ አንተን ቤት አስገባህ ነበር። አባትህ በአስተርጓሚ «ወንድ ልጅ የለኝም፣ ልውሰደውና ላስተምረው» ብሎ የደወለው ያኔ ነው። አንተ መዳህ ስትጀምር ሻንጣውን አንስቶ የሄደ ሰው! ስልኩን ጆሮው ላይ መዝጋት ነበረብኝ፣ አልዘጋሁም። ሰፈር ውስጥ «ቻይናው» እያሉ ከሚጠሩህ ልጆች እናቶች ጋር ስጣላ የኖርኩ ሴት፣ በገዛ እጄ ቻይና ላክሁህ። ለሌላ አይደለም፣ የወታደር ልብስ እንዳትለብስ ነው። ይኸው ለበስከው።

እኔም ጮህኩ። ጎረቤታችን መሰለች ጩኸቴን ሰምታ መጣች፣ እሷ የዕድሩን ሴቶች ጠራች፣ ቤቱ ሞላ። ድንኳን መትከል ብቻ ነበር የቀረን። አንዷ «ለመሆኑ ቻይና ከማን ጋር ነው የምትዋጋው?» ብላ ብትጠይቅ የሚያውቅ ጠፋ፣ ለቅሶው ግን አልቆመም። እኔ ለገብርኤል ተሳልኩ። «ይህንን ልብስ ከልጄ ገላ ላይ አውልቅልኝ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጥላ አስገባልሃለሁ» አልኩት፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ።

በማግስቱ ነቢዩ መጣ። ታስታውሰዋለህ፣ ቻይና ተምሮ የመጣው፣ አሁን አንዱ መጋዘን ውስጥ የሚያስተረጉመው። ፎቶውን አይቶ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«እትዬ ዳሲቱ፣ ጦርነት አይደለም እኮ! እዚያ አዲስ የገባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ ወታደራዊ ሥልጠና ይወስዳል፣ ግዴታ ነው። ፀሐይ ላይ ይገተራሉ፣ ግራ ቀኝ እያሉ ይሰለፋሉ፣ ብርድ ልብስ እንደ ጡብ አድርጎ ማጠፍ ይማራሉ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው። ከዚያ ልብሱን አውልቀው ክፍል ይገባሉ፣ አለቀ።»

እልል አልን። መሰለች «ለዚህ ነው እንዲህ ያስለቀስሽን? አንቺ ሴትዮ ጉድ እኮ ነሽ!» ብላ ጀርባዬን መታችኝ። እኔም ሳቅሁ። ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ምነው እዚያ ላይ አፌን በዘጋሁ። ለጨዋታ ያህል «አንተንስ ነቢዩ፣ እንዲህ ገትረውህ ነበር?» አልኩት።

«እኔንማ አይመለከተኝም» አለ እየሳቀ። «እኛ የውጭ አገር ተማሪዎች ከዶርማችን መስኮት ላይ ሆነን ነበር የምናያቸው። ሥልጠናው ለዜጎቻቸው ነው።»

ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ዋጠ። «የውጭ ተማሪም ከፈለገ አንዳንድ ቦታ ጠይቆ መግባት ይችላል መሰለኝ» አለ። አነጋገሩ ግን በሽተኛ እንደሚያጽናና ሰው ነበር። ሴቶቹ ገና እየሳቁ ስለነበር አልሰሙም። እኔ ሰማሁ።

ቦሌ ላይ ምን እንደለመንኩህ አልረሳኸውም። ገንዘብ ላክልኝ አላልኩህም፣ ዕቃም አላልኩህም። «ፓስፖርትህን አትለውጥብኝ» ነው ያልኩህ። አንተም አንገቴ ሥር ገብተህ «እማ ሙች፣ አልለውጥም፣ ተምሬ እመለሳለሁ» አልከኝ። የእኛ አገር ሁለት ዜግነት እንደማይቀበል አውቃለሁ። እኔ ባልማርም ማረሚያ ቤት በር ላይ ጠበቃ ሲመላለስ ነው የሚውለው፣ ስልኩን ሲጠብቅ ያወራኛል። የዚያን አገር ፓስፖርት የያዘ የእኛን ይለቅቃል። ቤቱ ሲመጣም እንደ እንግዳ ቪዛ ይዞ ነው የሚመጣው። ታዲያ እናቱን ምን ብሎ ነው የሚጠይቃት?

ጥላውን በመስከረም ገብርኤል ዕለት አስገባሁ። ያኔ ልብሱን አውልቀህ ክፍል ገብተህ ነበርና ስለቴ ሠምሯል። ገብርኤል ምንም አላጎደለብኝም። የለመንኩት ልብሱን ብቻ ነበር፣ ለማኟ ናት ያላወቀችበት።

በማግስቱ አባትህ ቪዲዮ ላከልኝ፣ የሥልጠናችሁን መዝጊያ ሰልፍ። ከፊት መስመር ነበርክ። እግርህን ስታነሳ፣ ድምፅህ ከሁሉም በላይ ሲሰማ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ኮራሁ። እሱ ለቅጽበት ነው። ሰልፉ ሲያልቅ የአባትህ ሚስት ውኃ ይዛ መጣች፣ የአንገትህን ቁልፍ ፈታችልህ፣ አንተም አንገትህን ዝቅ አደረግህላት። በኋላ ስንደዋወል እኔን «መዝጊያው ላይ ወላጅ አይገባም» አላልከኝም ነበር? አልቀናሁም ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ቀንቻለሁ። መጥፎ ሴት አትመስልም፣ እሱ ነው ደግሞ የባሰብኝ።

ከዚያ በፊት በድምፅ ማጉያ አንድ ነገር ተባለና አንተ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣህ። ነቢዩን «ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ስሙን ጠሩት፣ ሊሸልሙት ነው» አለኝ።

«ኤባ ሲሉ አልሰማሁም።»

ስልኩን መለሰልኝ። ቪዲዮውን መልሼ ከፍቼ ብሰማው ብሰማው ኤባ የሚል የለበትም።

ልጄ፣ የማላውቀው ሰው ስልኩን ሰጥቶኝ ይገባል፣ ሲወጣ ያንኑ ስልኩን ነው የምመልስለት፣ ቁጥሩን ስለያዘ። አባትህ አንተን ሲወስድ እኔ ቁጥር አልተቀበልኩም።

ሌላ ወሬ ልንገርህ፣ ሁሉ ነገር ምሬት አይሁን። ጓደኛህ አቢ ቱሉ ዲምቱ ላይ የስልክ መጠገኛ ሱቅ ከፍቷል፣ አንተን ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ «ቻይናው ደህና ነው?» ነው የሚለው። ዘንድሮም አልተቆጣሁትም፣ ዘንድሮ የምቆጣበት አፍ አጣሁ። የመስቀል ዕለት ደመራው ወደ እኛ በኩል ወደቀ፣ መሰለች «ልጅሽ ይመጣል ማለት ነው» አለች። ደመራ እንዲህ ይናገራል ሲባል ሰምቼ አላውቅም፣ ለእኔ ስትል ፈጥራው ነው።

እሷን «ኤባ ሥልጠናውን ለጨዋታ ጠይቆ ነው የገባው» ብያታለሁ። ሰፈሩም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። እውነት ከሆነ «አዎ እማ፣ ጠይቄ ነው» ብለህ ጻፍልኝ፣ አንዲት መስመር ትበቃኛለች። እውነት ካልሆነም ንገረኝ። ባትነግረኝ ግን እኔ እንደ አያትህ ነው የምሆነው። ላልቅስም፣ ልተወውም አልችልም።

ስምህን ያወጣችልህ አያትህ ናት፣ ምርቃት ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። በእሷ አፍ ልመርቅህ፤ የረገጥከው ይለምልምልህ፣ ክፉ ዓይን አይይህ፣ የሰው አገር ፀሐይ አያክሳህ። ገብርኤል ከእሳት ያውጣህ። የአንገትህን ቁልፍ የምትፈታልህንም አላህ አልልህ፣ እግዚአብሔር አልልህ፣ የምታውቀው አምላኳ ይባርካት።

ደብዳቤውን የነቢዩ የሥራ ባልደረባ ይዞት ይሄዳል፣ እዚያ ሲደርስ በፖስታ ቤት ይልክልሃል። አድራሻህን በቻይንኛ የሚጽፍልኝ ነቢዩ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል። «ኤባ ፈየራ ብለህ ጻፍ» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ «እትዬ፣ እንደዚያ ከተጻፈ አይደርሰውም» አለኝ።

ስለዚህ ድምፅ ማጉያው የጠራውን ይጽፈዋል። ፖስታው ላይ ያለውን ስም እኔ ማንበብ አልችልም፣ የማን እንደሆነም አላውቅም። የሚቀበለው ልጅ ውስጡን ለኤባ ይስጥልኝ፣ አደራ።

እናትህ
ዳሲቱ ፈየራ