የዚሮቹ ጥላና የመኪናዎ ጤንነት

ለተከበሩ ዑስታዝ ሙዳሲር፣
የምሥራቅ ጮራ ጤና ኮሌጅ የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ
ገዳሪፍ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና ከዘጠኝ ቀን ወዲህ በጥላችን ሥር የሚያርፈውን የነጭ መኪናዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ እግራችን ብቻ ማረፊያ አጥቷል።

እኔ የአዋላጅነት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ ይህን የምጽፈው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ አሁን መኪናዎ በሚያርፍበት ዳስ፣ ለተጠማ ሁሉ ውሃ በሚቀመጥባቸው ሦስት የሸክላ ዚሮች ዙሪያ ሲያጠና ስለነበረው ቡድናችን ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጸጥታ ደንብዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ጓደኛዬ ዕፀገነት የዲያቆን ልጅ ናት፤ ንባብ የተማረችው ከአባቷ እግር ሥር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስለሆነ፣ ዓይኗ ሲያነብ አፏ ዝም ማለት አይሆንለትም። ኮሌጁን በረገጠችበት ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ገብታ ስታነበንብ፣ እዚያ የሚሠሩት ሴት ጸሎት ላይ ያለች መስሏቸው በትሕትና ወደ ሴቶች መስገጃ ክፍል ወሰዷት። እሷም ድምፅ የተፈቀደበት የንባብ ክፍል መስሏት፣ ሰጋጆቹ መጥተው እስኪያስረዷት ድረስ ስለ ማሕፀን እያነበነበች እዚያው ተቀመጠች። ወደ ዚሮቹ የወጣነው እንዲህ ነው።

ሁለተኛ፣ ከዚሮቹ ያስነሣን ማስታወቂያዎ ያልተፈቀደ ስብሰባና ጩኸት ብሎናል። ጩኸቱን አልክድም። ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገችው አማል ከዓረብኛው ማስታወሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባለች፤ እኔ በአማርኛ እደግመዋለሁ፤ ጓደኛችን ናጽነት ከስደተኞች ካምፕ ለሚመጡት በትግርኛ ትነግራቸዋለች፤ ዕፀገነት ደግሞ ወደ ዓረብኛው መልሳ ካልተናገረችው ወደሚቀጥለው አንሄድም። አንድ ነገር በአራት አፍ ዞሮ እስኪመለስ ጆሮ ማድከሙ አይቀርም፤ ነገር ግን ከመካከላችን ማንም ሳይገባው የቀረ የለም። ከቤቴ ከወጣሁ ወዲህ ሰው መካከል ነኝ ያልሁት እዚያ ነው።

ሦስተኛ፣ አገር እንድናይ ስላደረጉን እናመሰግናለን። ከተባረርን ወዲህ አንድ ቦታ ሁለት ቀን አልዋልንም። ከኒሙ ዛፍ ሥር የፍየል ነጋዴዎች አስነሡን። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሠርግ ደረሰብን። ወደ ዶካ የሚሄዱት አውቶቡሶች በሚቆሙበት ተራ ደግሞ ስለ ደም መፍሰስ የተማርነውን ስንደጋግም፣ ረዳቱ ተሳፋሪ መስለነው የአማልን የመጽሐፍ ቦርሳ ጣሪያ ላይ ጭኖ ሄደ። ቦርሳው ዶካ አድሮ በማግስቱ ተመለሰ፤ እኛ ግን እስካሁን የምንመለስበት የለንም።

አራተኛውን ያለ ምስጋና እጽፈዋለሁ። ዕፀገነት ባለፈው ዓመት የቃል ፈተናውን የወደቀችው ትምህርቱ ጠፍቷት ሳይሆን ዓረብኛው አፏ ላይ ተይዞባት ነው። የፊታችን ሰኞ ትደግመዋለች፤ ከወደቀች ትሰናበትና እናቷ ወዳለችበት ወደ ቁረይሻ የሰሊጥ ማሳ ትመለሳለች። እዚያ ባለፈው አጨዳ ጎረቤታቸው የወለደችው በትራክተር ተጎታች ላይ ነው፤ ያዋለዳትም ሾፌሩ ነው። የቃል ፈተና በዝምታ አይጠናም፣ ክቡር ሆይ። ቀኑ በቀረበ ቁጥር እፈራለሁ፤ የምቀልደውም ስለምፈራ ነው።

መኪናዎ ከእኛ የተሻለ ተማሪ መሆኑን አምናለሁ፤ ድምፅ አያሰማም፣ ቋንቋ አያደባልቅም፣ ሲያነብም ከንፈሩን አያንቀሳቅስም። ሆኖም ሰኞ የሚፈተነው እሱ ስላልሆነ፣ እስከዚያ ብቻ ከጥላው ፈቀቅ እንዲልልን በትሕትና እለምናለሁ። ፀሐዩ እንዳይጎዳው የሰሊጥ ጆንያ እናለብሰዋለን።

ጥላዎ ሰፍቶ ለሰውም እንዲተርፍ እየተመኘሁ፣

የሚቀመጡበት ያጣች ታዛዥዎ
ሐመልማል ታምሬ
(ከአውቶቡስ ተራ፣ ቆማ የጻፈችው)

ከፈረምሁ በኋላ የታወሰኝ፦ ማስታወቂያዎን እንዲለጥፉ ያዘዟቸው ጥበቃችን አያ አንዳርጌ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከመተማ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ሃያ ዓመት ዓረብኛ ሲናገሩ ፊደሉን አያውቁትም ነበር፤ ዚሮቹን ሊሞሉ በመጡ ቁጥር ከአማል እየለቀሙ ተማሩት። ያን ዕለት ወረቀቱን ከለጠፉ በኋላ ጣታቸውን ከቃላቱ ሥር እያስኬዱ ከአናቱ እስከ ፊርማዎ ድረስ ጮክ ብለው አነበቡት። በዕድሜያቸው ለብቻቸው ያነበቡት የመጀመሪያው ወረቀት ነው። እኛ ጣታቸውን እንጂ ቃሉን ልብ ሳንል በደስታ አጨበጨብን። ዕፀገነት ብቻ አላጨበጨበችም፤ ደብተሯን ሰብስባ ተነሣችና ምን እንደተባልን በዓረብኛ፣ አንድም ቃል ሳይያዝባት ነገረችን። እንዲህ አጥርታ ስትናገር የሰማናት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የነገረችንም ውጡ መባላችንን ነው።