ሁለት እጅ የተቀባ ዓሣ

ሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለውድ ልጄ፣ ለሚጡዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ የኔ እናት? እኛ ደህና ነን። «ደህና ነን» ስልሽ እንደማታምኚኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዛሬ ማስረጃ ይዤ ነው የመጣሁት። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን በስልክ መሃል ላይ ታቋርጪኛለሽ፣ ከዚያ ታለቅሻለሽ፣ ከዚያ እኔም ወሬዬ ይጠፋብኛል። ደብዳቤን ማንም አያቋርጠውም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከአንቺ ደብዳቤ ልጀምር። «በወሩ መጨረሻ ትምህርቴን አቋርጬ እመጣለሁ። እማዬን ማን ያበላታል? አባዬ እንደሆነ እንቁላል እንኳን መጥበስ አይችልም» ብለሽ ጽፈሻል። አንብቤ ስጨርስ ደሜ ፈላ። ሰባት ወር የቀረው ትምህርት! ከዘር ማንዘራችን አውሮፕላን የተሳፈረ እንኳ ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንቺ ሞተሩን ፈታትተሽ ልትገጥሚው ሰባት ወር ሲቀርሽ፣ ለአንድ ድስት ምግብ ብለሽ ልትመለሺ? በእንቁላሉ ነገር ግን እውነትሽን ነው፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

እናትሽ ቀኝ እጇና እግሯ ከደከመ ይኸው ሦስት ወር ሞላው። ምግብ የምታመጣልን ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ነበረች፤ እግዜር ይስጥልኝ። እናትሽ ግን ሁለቴ ጎርሳ «ጠገብኩ» ትላለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታበላ የኖረች ሴት፣ የሰው ሳህን መጠበቁ ከበሽታው የባሰ ጎዳት። ቀሚሷ ሁሉ ሰፋት። ይህን እስከ ዛሬ ደብቄሽ ነበር፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

እና ባለፈው ሐሙስ «አበስላለሁ» ብዬ ተነሳሁ። አምና ለዕረፍት መጥተሽ የሠራሽልን የካሪ ሩዝና ዓሣ፣ አሠራሩን የጻፍሽበት ወረቀት አሁንም ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። እናትሽ ወዳው እንደነበር ትዝ አለኝ። ወረቀቱ «ሁለት የሻይ ማንኪያ ካሪ» ይላል። ሳቄ መጣ። አርባ ዓመት ቀለም ስበጠብጥ ኖሬ በማንኪያ ለክቼ አላውቅም! በዓይኔ ነው የማመጣው። ያንቺ ሩዝ ምን ዓይነት ቢጫ እንደነበር ደግሞ አልረሳሁም፤ የማዘጋጃ ቤቱን ኮሪደር የቀባሁት ቢጫ ነው፣ ራሱን።

ሽንኩርቱ ላይ ካሪውን እየነሰነስኩ፣ ሩዝና ውሃውን ጨምሬ እያየሁ፣ ቀለሙን አመጣሁት። ልክ መጣልኝ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን የቀለም ሰው ነኝ፤ በተለይ የኖራ ቀለም እርጥቡ ሌላ፣ ሲደርቅ ሌላ ነው፤ ይፈዛል። ሩዙም ውሃውን ሲጨርስ መፍዘዙ አይቀርም ብዬ፣ ለማካካሻ አንድ እፍኝ ካሪ ደፋሁበት።

እናትሽ አንዴ ቀመሰችና ዓይኗ እንባ ሞላ። «ምነው? ምን ሆንሽ?» ብላት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሩዝ ነው የሠራህልኝ ወይስ አጥር ቀባህልኝ?» ብላ ሳቀች። በአንድ በኩል ጋደል ያለ ሳቅ ነው፤ ግን ሳቅ ነው፣ ሚጡዬ! ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያዋ። ምሳችንን ዳቦ በሻይ በላን፤ እኔ ግን ድግስ የበላሁ ያህል ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ዛሬ ጠዋት ወንበሯን ማድ ቤቱ በር ላይ አስቀመጥኩላት። ከዚያማ ምን ልበልሽ! በሥራ ዘመኔ ስንት ፎርማን አይቻለሁ፤ እንደ እናትሽ ያለ ጨካኝ ግን አልገጠመኝም። «እሳቱን ቀንስ!» «ሽንኩርቱ አረረ እኮ፣ አፍንጫ የለህም?» «ክዳኑን አትክፈት አልኩህ፤ ሩዝ እንደተኛ ልጅ ነው፣ ተወው!» ካሪውን ራሷ በግራ እጇ ሁለት ማንኪያ ለክታ ሰጠችኝ። አፌን ይዤ ታዘዝኩ።

ዓሣው ላይ ግን ወረቀትሽ «ቅመሙን ቀባው» ይላል። እሱን ለእኔ ተይው! ያልተነካ አዲስ ብሩሽ ከላስቲኩ አውጥቼ፣ በፈላ ውሃ ደጋግሜ አጥቤ፣ ጨውና ካሪውን በሎሚ በጥብጬ አንደኛ እጅ ቀባሁት። ሩብ ሰዓት አቆየሁትና ሁለተኛ እጅ ደገምኩት። «ጉድ ነው! ዓሣ ሁለት እጅ ሲቀባ ዛሬ አየሁ» አለች እናትሽ። መጥበሻው ላይ ስጥለው የወጣውን ሽታ ግን እሷም በአፍንጫዋ ሳብ አደረገችው።

ሐኪሙ ስትውጥ እንዳያንቃት ተጠንቀቅ ስላለኝ፣ እሾሁ አሳስቦኝ ነበር። ዓሣ ሻጯ «ሁሉንም አውጥቼልሃለሁ» ብትለኝም አላመንኳትም። የተወለወለ ግድግዳ ላይ ሻካራ ቦታ የምፈልገው ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ነው፤ ዓሣውንም እንደዚያው ዳበስኩት። ሰባት እሾህ አወጣሁ። ሰባት! ነገ ሄጄ አሳያታለሁ።

እናትሽ ማንኪያውን በግራ እጇ ይዛ፣ ማንም ሳያጎርሳት፣ ሳህኑን ጥርግ አድርጋ በላች። ከዚያ «ጨምርልኝ» አለች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ልክ እሱን ስጨምርላት ልብስ ሰፊዋ እንደ ልማዷ ሳህኗን ሸፍና ገባች። እናትሽ ቀና ብላ «ተባረኪ እህቴ፤ ዛሬስ ከቤታችን ተሠርቷል። ይልቅ ቁጭ በይና ቅመሺ» አለቻት። ሰምተሽኛል? እናትሽ እንግዳ ጋበዘች! ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ አስጨምራ «እጅ ያስቆረጥማል! ማነው የሠራው?» ስትል፣ እናትሽ አንገቷን ሰበቅ አድርጋ «ባሌ ነዋ» አለች። ሙያ በልብ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ለጫማ ጠጋኙም፣ ለባለ ሱቁም ነግሬያለሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ አፈር ስሆን፣ የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ እንዳትፈርሚ። ለረቡዕ ምስር እያስጠናችኝ ነው፤ እንቁላሉም ተራው ይደርሳል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። «ለልጅሽ ምን ብዬ ልጻፍላት?» ስላት «ናፍቃኛለች በላት» አለችኝ። ወዲያው ደግሞ «ተወው፣ አትጻፈው። ካነበበችው ትመጣለች» አለች። እኔ ግን ይኸው ጻፍኩት። ይህን ብደብቅሽ ሌላውንም አታምኚኝም። በጣም ናፍቀሻታል። እኔም ናፍቀሽኛል። ናፍቆቷን አልችልላትም፤ ምሳዋን ግን እችላለሁ።

በሄድሽበት ሞገስ ይስጥሽ። የያዝሽው መፍቻ አይሸራተትብሽ፤ የጠገንሽው ሁሉ በሰላም ወጥቶ በሰላም ይግባ። አንቺንም እንደዚያው ያግባልን።

አባትሽ፣
ቀለም ቀቢውና ዓሣ ጠባሹ

ከዚህ በታች ያለው የእናትሽ ጽሑፍ ነው። በግራ እጇ ነው የጻፈችው። ስድስት ፊደል ሩብ ሰዓት ፈጀባት፤ «ልርዳሽ» ብላት በክርኗ ገፋችኝ።

ጨርሰሽ ነይ