እባክዎ፣ እዚሁ ቤታችን ይሸነፉልን

ለክቡር ሚስተር ዳግላስ ፌንዊክ
የፓይን ፖርት ጉጉቶች የበረዶ ሆኪ ክለብ ፕሬዚዳንት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። የመጋቢት ብርድ ጉልበትዎን እንዳልያዘው፣ የአዲሱ ቢሮዎ ማሞቂያም በደንብ እንደሚሠራ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የፓይን ፖርት ነዋሪዎች፣ ሐይቁ ገና ስላልቀለጠና ክለባችንም ገና ስላልተሸነፈ፣ በጣም ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ሐሙስ ያወጡት መግለጫ ነው። መግለጫው እንደሚለው፣ ጉጉቶች ዘንድሮ ለጥሎ ማለፉ ስለበቁ፣ በሜዳቸው የሚያደርጓቸው የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች በሙሉ እዚህ መሆናቸው ቀርቶ፣ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚያስኬደው የደቡቡ ትልቅ ከተማ አዳራሽ ይካሄዳሉ። ምክንያቱም «የደጋፊውን ተሞክሮ ከፍ ለማድረግ» መሆኑ ተገልጿል። ስለ ተሞክሯችን እንዲህ በመጨነቅዎ ምስጋናችን የላቀ ነው። ይሁን እንጂ ክለባችን ከተመሠረተ ጀምሮ የመጀመሪያውን ዙር አንድም ጊዜ አልፎ ስለማያውቅ፣ በዚህ ረገድ ያለን ተሞክሮ ከበቂ በላይ መሆኑን በአክብሮት ለማስታወስ እወዳለሁ። እርስዎ ወደ እኛ ከመጡ ገና ሦስተኛ ክረምትዎ ስለሆነ፣ ከታሪካችን ጥቂቱን ብዘረዝርልዎ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ።

አንደኛ፣ የ1974ቱን ጉዳይ ላንሣ። እንደሚያውቁት ከሰባት ጨዋታዎች አራቱን ቀድሞ የወሰደ ወደሚቀጥለው ዙር ያልፋል። ጉጉቶች በዚያ ዓመት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች በተከታታይ አሸነፉ። ከተማው በሙሉ ጺሙን አሳድጎ ነበር፤ ቡድናችን ለጥሎ ማለፉ ከበቃበት ምሽት አንሥቶ እስኪሸነፍ ድረስ ተጫዋችም፣ ደጋፊም፣ ቄሱም ሳይቀሩ ምላጭ አይነኩምና። በዚህ ጊዜ ከእርስዎ በፊት በዚያ ወንበር ይቀመጡ የነበሩት ፕሬዚዳንት፣ ለሚቀጥለው ዙር ማስታወቂያ የሚሆን ንጹሕ ፎቶግራፍ ስላስፈለጋቸው፣ ተጫዋቾቹን በሙሉ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ላካስ ሰድደው አስላጯቸው። ፎቶግራፉ በእውነት ያማረ ነበር። ቀጥለው የነበሩት አራት ጨዋታዎች ግን አላማሩም። ዛሬ የአባቱን ሱቅ የያዘው ሬዣን ላካስ እንደነገረኝ፣ ሽማግሌው አባቱ ያንን ምላጭ እስከ ዕለተ ሞታቸው በእጃቸው አልነኩትም።

ሁለተኛ፣ በ1988 ጸደይ፣ ከእርስዎ በፊት የነበረው ሌላ አስተዳደር ለክብር እንግዶች ምቾት ሲል ከሜዳው በላይ ኃይለኛ ማሞቂያዎችን ማስተከሉን በምስጋና እናስታውሳለን። እንግዶቹ ኮታቸውን አውልቀው በሸሚዝ ተቀመጡ። በረዶው ግን ቀለጠ። የሰባተኛው ጨዋታ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አጥቂያችን በዱላው የመታት ጥቁሯ የጎማ ዲስክ ግብ ጠባቂውን አልፋ፣ የግቡ መስመር ላይ ከተጠራቀመ ኩሬ ውስጥ ገብታ ቆመች። የተጋጣሚው ተከላካይ መጥቶ፣ እንደ ቤት ጠራጊ በዱላው ገፍቶ አወጣት። በበረዶ ሆኪ ታሪክ በራሱ ላይ ግብ ያስቆጠረ ቡድን ብዙ ነው፤ በገዛ ማሞቂያው የተጋጣሚውን ግብ ያዳነ ግን የእኛን አስተዳደር ብቻ አውቃለሁ።

ሦስተኛውን ሲያነቡ ቢቀመጡ ይሻላል። በ2003፣ በጥሎ ማለፉ ዋዜማ፣ ክለቡ ምርጡን ግብ ጠባቂያችንን አንድሬ ቡላንዤን ሸጠው። ግብ ጠባቂ መሸጥ ያለ ነው። የተሸጠው ግን በሚቀጥለው ሳምንት ለምንገጥመው ለሲልቨር ክሪክ ነበር። አንድሬም እንደ ጨዋ ሰው ለተከፈለው ሥራ ታማኝ ሆኖ፣ ስድስት ጨዋታ ሙሉ አላሳልፍ አለን። ተሸነፍን። ሁለቱ ቡድኖች እንደ ልማዱ በበረዶው ላይ ተሰልፈው ሲጨባበጡ፣ ከግቡ ጀርባ የሚቀመጡት ወይዘሮ አይሊ ሃካላ ለጉጉቶች ብቻ የሚደወለውን የላም ቃጭላቸውን አንሥተው ለአንድሬ ደወሉለት። አጠገባቸው የነበረ ሰው፣ «ወይዘሮ አይሊ፣ የገደለን እሱ እኮ ነው!» ቢላቸው፣ «ታዲያ በደንብ ነዋ የገደለን! ማን አስተማረውና?» ብለው መለሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በእርስዎ መግለጫ ውስጥ ስለሌለ፣ እዚህ ላይ ዘርዘር ላድርገው። በፓይን ፖርት ቡድኑ በተሸነፈ ምሽት ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ላካስ የፀጉር ቤቱን ወንበር አስጭኖ በአዳራሹ መግቢያ ያቆመዋል። መጀመሪያ አምበሉ ይቀመጣል፣ ከዚያ ተጫዋቾቹ፣ ከዚያ ሕዝቡ። የአተር ሾርባ ይዞራል። እየተላጨ የሚያለቅስ አለ፤ ሳሙና ዓይኔ ገባ ይላል፤ ሳሙናው እንዳልገባ የሚያውቅ ሁሉ እውነትህን ነው ይለዋል። በ2003 አንድሬ ቡላንዤ የሲልቨር ክሪክን መለያ እንደለበሰ መጣ። አሸናፊ ስለነበር መላጨት አይፈቀድለትም። የቀድሞ ጓደኞቹ ተራ በተራ ሲላጩ ግን፣ ፎጣ ይዞ ከወንበሩ አጠገብ ቆመላቸው። የተጋጣሚው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ እስከ መጨረሻው ጠበቀው፤ ሾፌሩ አንድም ጊዜ ጥሩምባ አልነፋም።

ክቡርነትዎ ወደ ደቡብ ያዛወሩት ይህንን ነው። የደቡቡ አዳራሽ ወንበሮች ለስላሳ መሆናቸውን ሰምተናል። ጨዋታው ባለቀ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰውን ሁሉ አስወጥተው በሩን እንደሚዘጉም ሰምተናል።

አራተኛው ቅሬታ የእኔ አይደለም፤ የወይዘሮ አይሊ ነው። እሳቸው ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ባለፈው መኸር የዳሌያቸው አጥንት ስለተቀየረ፣ ሐኪማቸው ረጅም ጉዞ ከልክሏቸዋል። ሟቹ ባለቤታቸው ቶይቮ፣ ከእንጨት ፋብሪካው ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው የአዳራሹን የጣሪያ ወራጅ በየቅዳሜው ሲያቆሙ፣ ምሳ ያመላለሱት እሳቸው ነበሩ። አዳራሹ ከተከፈተ ጀምሮ እዚህ የተደረገ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አምልጧቸው አያውቅም። መግለጫዎ በወጣ ማግስት በላካስ ሱቅ አገኘኋቸው። አምበላችን ኮርማክ ደንም የአንገቱን ፀጉር ብቻ ሊያስተካክል መጥቶ ነበር።

«ዘንድሮስ ጺምህ የት ይደርሳል?» አሉት።

«ዘንድሮ እስከ ደረቴ ነው፣ ወይዘሮ አይሊ!»

«አምናም እንዲህ ብለህ አገጭህን እንኳ ሳይሸፍንልህ ተላጨህ።»

ሱቁ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ላካስ መቀሱን አስቀምጦ፣ «ወንበሩን ወደ ደቡብ ልጫነው እንዴ? ምን ይሻላል?» ብሎ ጠየቀ። ኮርማክ ወደ ወይዘሮ አይሊ ዞሮ፣ «ቴሌቪዥን እናስገባልዎታለን፣ ትልቁን» አላቸው።

«ቴሌቪዥን አለኝ፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ አይሊ። «ቃጭሌን በቴሌቪዥን ትሰማዋለህ?»

ኮርማክ ዓይኑን ወደ መስተዋቱ አዞረ። አምስት ጥርሱ በጨዋታ ረግፎ የተተከለለት፣ ዱላ ሲሰበርበት የማይጮህ ሰው ነው። «አልሰማውም» አለ።

ክቡር ፕሬዚዳንት ሆይ፣ ዋንጫ ጠይቀንዎት አናውቅም፤ የማይሆን ነገር ጠይቆ ሰውን ማስጨነቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። በማሞቂያው አልተቀየምንም፤ በፎቶግራፉም ይቅር ካልን ቆይተናል። ግብ ጠባቂያችንን ለባላጋራ ሲሸጡብንም በማግሥቱ የዓመት ትኬታችንን አድሰናል። ግን ሽንፈቱ የእኛ ነው። አብረን አሳድገነዋል፣ ዘመድ ሆኖናል፤ ዘመድ ደግሞ ሲታመም ወደማያውቁት ሰው ቤት አይላክም። ስለዚህ ልመናችን አጭር ናት፦ ከቻሉ የትም ቢሆን ያሸንፉ። ካልቻሉ ግን እባክዎ፣ እዚሁ ቤታችን ይሸነፉልን። ሁሉንም ጨዋታ መመለስ ከከበደዎት፣ የመጨረሻውን ብቻ ይመልሱልን። የትኛው የመጨረሻው እንደሚሆን አስቀድሞ ለማወቅ፣ ከእኛ የበለጠ ልምድ ያለው ከተማ ስለሌለ፣ ቢጠይቁን በደስታ እንነግርዎታለን።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡን፣ ስለ ተሞክሯችንም እንቅልፍ ስላጡልን ደግመን እያመሰገንን፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማሞቂያዎ መጠነኛ ሙቀት፣ ለጉጉቶቻችን ደግሞ ከአምናው አንድ ጣት የሚረዝም ጺም እንመኛለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከግቡ ጀርባ፣ ከቃጭሉ በስተግራ የሚቀመጠው
ታዛዥዎ ዋልተር ኩሲስቶ
ፓይን ፖርት

ማስታወሻ፦ ከመግለጫው ጋር የወጣውን ፎቶግራፍዎን በላካስ ሱቅ መስተዋት ላይ ለጥፈን በጥንቃቄ ተመልክተነዋል። ፎቶግራፉ የተነሣው ቡድኑ ለጥሎ ማለፉ ከበቃ ከሁለት ቀን በኋላ ሲሆን፣ የክቡርነትዎ አገጭ እንደ እንቁላል ያበራል። ላካስ እሱ እንዳልላጨዎት በአባቱ መቃብር ምሏል። በ1974 አስራ ዘጠኝ ሰው ተላጭቶ አራት ጨዋታ እንደተሸነፍን እያስታወስን፣ አንድ ፕሬዚዳንት ብቻውን ስንት እንደሚያስከፍለን በመጨነቅ ላይ እንገኛለን። ወይዘሮ አይሊ ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ «የአርቡ የመጀመሪያ ጨዋታ እስኪደርስ ትንሽ ይበቅልለታል፤ እዚህ ከመጣ ደግሞ በላካስ መላጫ ወንበር ተራ ይዤለታለሁ» ብለዋል።