ከመጽሐፌ ያወጣሽው ምዕራፍ

ጭሮ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽን ያምሽ ነበር፤ ተሻለሽ ወይ? ልጆችሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ ማሽላው ደርሷል። ሰላምታው በዚህ ይብቃ። ተቆጥቻለሁ።

በኮምፒውተር እንድትጽፊልኝ የላክሁልሽ መጽሐፍ ተመልሶ ደረሰኝ። አርሜልሻለሁ ብለሻል። ማን እረሚ አለሽ? «ዘነበ። ሰው አልመጣም።» ያልኩትን «ዝናቡ በኃይል ይዘንብ ስለ ነበር ማንም ሰው ሊመጣ አልቻለም» አደረግሽው። ለጎረቤቴ ለጫት ነጋዴዋ ለኩብራ ባነብላት፣ «ወላሂ እትዬ፣ ይህቺ ሴትዮ እርስዎ አይደሉም፤ እርስዎ ሲቆጡ በሦስት ቃል ይጨርሳሉ፣ ይህቺ ግን ገበያተኛ ይዛ አትለቅም» ብላ ሳቀችብኝ።

ዓረፍተ ነገሬ ለምን እንደሚያጥር አንቺ ታጪዋለሽ? መምህራችን በግራ መጻፍ ነውር ነው ብለው ግራ እጄን በአለንጋ ሲመቱኝ አይተሻል። በቀኜ በቀሩት ሁለት ጣቶች ስድስት ቃል እንደ ጻፍኩ እጄ ይጨመደዳል። ስለዚህ ብዕር ሳላነሳ ቃሉን በሆዴ አመላልሰዋለሁ፤ የማያስፈልገው እዚያው ይቀራል። ሰባ ዓመቴ ነው፤ ሌላ አጻጻፍ አላውቅም። አንቺ ግን በመግቢያው «ከተፈጥሮ ጉድለቷ ጋር ታግላ» ብለሽ ጻፍሽ። ከእጄ ጋር መቼ ታገልኩ? «ተፈጥሮ»ስ ከየት መጣ? አሥር ጣት ይዤ ነው የተወለድኩት።

የሚኤሶውን የአባታችንን ወፍጮ ቤት ምዕራፍ ደግሞ አንባቢን ያሳዝናል ብለሽ አወጣሽው። ማንን ነው የሚያሳዝነው? ደግመሽ አንብቢው። ሞተሩ እየሠራ፣ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተነጥሎ ሳለ፣ ሥሩ የገባውን ማሽላ ስጠርግ አንዲት ትንሽ ልጅ ለጨዋታ ማገናኛውን እንጨት ገፋች ይላል። አንዲት ትንሽ ልጅ። ስም አልጻፍኩም። እማዬ ማን ነካው ብላ ስትጠይቀኝ ራሴ ነኝ አልኳት፤ እስክትቀበር ድረስም ያንኑ አልኩ።

ማተሚያ ቤቱ እስከ ኅዳር መግቢያ ይጠብቀናል። ምዕራፉን መልሺ። ዓረፍተ ነገሮቼን እንደ ነበሩ አድርጊ። መግቢያሽን አውጪ። አለዚያ መጽሐፉ ይቅር፤ ሰው የጻፈውን በስሜ አላሳትምም።

እግዚአብሔር ቤትሽን ይባርክ፤ የልጅ ልጅ ያሳይሽ። የአራት ዓመት ሕፃን በማታውቀው አትጠየቅም። የስድሳ ስድስት ዓመት ሴት ግን ትጠየቃለች።

የማትረሳሽ ታላቅ እህትሽ